ቅደም ተከተሉን አውቀዋለሁ፤ ለምን «ገና ነሽ» ይሉኛል?

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ወጣት ነኝ። ቴኳንዶ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። አሁን ቀይ ቀበቶ ላይ ነኝ፤ ከአራት ወር በኋላ ለ1ኛ ዳን፣ ማለትም ለመጀመሪያው የጥቁር ቀበቶ ደረጃ እፈተናለሁ። ቴጉክ 8 የተባለውን ፑምሴ (ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የእንቅስቃሴ ቅንብር) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳልሳሳት እሠራለሁ። ኮርዮ የተባለውንም ፑምሴ ከቪዲዮ አይቼ ይዤዋለሁ። አሰልጣኜ ግን ባየኝ ቁጥር «ገና ነሽ» ከማለት ውጪ የጎደለኝን በዝርዝር አይነግረኝም። ምኑ ላይ ልሥራ? ሌላ ክለብ ያለች ጓደኛዬ ለጥቁር ቀበቶ የምትሠራው ደግሞ ከእኔ ጋር ጨርሶ አይገናኝም፤ የማንኛችን ነው ትክክል? የ12 ዓመት ወንድሜም ከእኔ ጋር ይፈተናል፤ የእሱ ቀበቶ የተለየ ነው የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ ቅደም ተከተሉን መያዝሽ ጥሩ ነው፤ ፈታኙ ግን ያንን እንደምታውቂ ገና ስትጀምሪ ይቀበልሻል። ከዚያ በኋላ ዓይኑ የሚያርፈው እግርሽ በትክክል መቆሙ ላይ፣ እጅሽ ከየት ተነስቶ የት እንዳቆመ፣ በአንዱ እንቅስቃሴና በሚቀጥለው መካከል ሰውነትሽ ምን እንዳደረገ ነው። «ገና ነሽ» የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። አራት ወር ደግሞ ይህን ለማስተካከል በቂ ጊዜ ነው፤ አዲስ ፑምሴ ለመጨመር ካላባከንሽው።

መጀመሪያ የሚጠበቅብሽን በትክክል እንወቅ። በኩኪዎን (ዳን የሚመዘግበው የሴኡል የቴኳንዶ ማዕከል) ሥርዓት ለ1ኛ ዳን ግዴታ የሆነው ፑምሴ ቴጉክ 8 ሲሆን ከእሱ ጋር ከቴጉክ 1 እስከ 7 ካሉት አንዱን ፈታኙ መርጦ ያዝዝሻል። ኮርዮ የ2ኛ ዳን ግዴታ ነው፤ ኩምጋንግ የ3ኛ፣ ቴቤክ ደግሞ የ4ኛ። አንዳንድ ክለቦች ኮርዮን ለ1ኛ ዳንም በራሳቸው ውሳኔ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ አሰልጣኝሽን በቀጥታ ጠይቂ። ብዙ ተፈታኝ የሚወድቅበት ቦታ ግን ቴጉክ 8 አይደለም። ወራት ሙሉ እሱን ሲደጋግም ይቆይና «ቴጉክ 4» ሲባል መሐል ላይ ይቆማል፣ ወይም ቴጉክ 5ን ከ6 ጋር ያደባልቃል። ሰባቱንም በየሳምንቱ ቢያንስ ሁለት ሁለት ጊዜ ሥሪያቸው። ከተራ ውጭ ይሁን፤ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፈሽ በዕጣ አውጪ። በፈተናው ዕለት የሚያጋጥምሽም ይኸው ነው።

አሁን ወደ እግር። በእኛ እምነት ከሌላው ሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጪው የሚገባ ጉዳይ ይህ ነው፤ እጅ በሁለት ሳምንት ይታረማል፣ ለዓመታት የተለመደ የተሳሳተ አቋቋም ግን ወራት ይፈልጋል።

አፕ ኩቢ፣ ማለትም ረጅሙ የፊት አቋቋም፣ ርዝመቱ ከኋላ ተረከዝ እስከ ፊት ጣት በራስሽ እግር ሲለካ አራት እስከ አራት ተኩል ያህል ነው። የጎን ስፋቱ በሁለቱ እግሮች መካከል አንድ ጭብጥ ነው። የኋላው እግር ጣት ወደ ውጭ ቢዞር ከ30 ዲግሪ አይበልጥም፤ ጉልበቱ የተዘረጋ፣ ተረከዙም መሬት ላይ የተጣበቀ ነው። ደረትሽን ቀጥ አድርገሽ ቁልቁል ስትመለከቺ የፊት ጉልበትሽና የእግር ጣትሽ ጫፍ አንድ መስመር ላይ ሊታዩሽ ይገባል። ከክብደትሽ ከግማሽ በላይ፣ ሁለት ሦስተኛ ገደማ፣ በፊት እግር ላይ ነው። የተለመዱት ስህተቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሁለቱን እግሮች በአንድ መስመር ላይ ማሰለፍ ነው፤ ይህን ያደረገ ሰው በቡጢ ጊዜ ዳሌው መዞር አይችልም፣ ሲረግጥም ይንገዳገዳል። ሁለተኛው የኋላ ተረከዝ መነሳት ነው፤ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የባት ጡንቻ መኮማተርና የእርምጃው መርዘም ነው። ተረከዝሽ እየተነሳ ካስቸገረሽ እርምጃሽን በግማሽ እግር አሳጥሪና ባትሽን በየቀኑ አሳስቢ፤ ርዝመቱ ቀስ እያለ ይመለሳል።

ድዊት ኩቢ፣ ማለትም የኋላ አቋቋም፣ አጭር ነው፤ ሦስት እግር ገደማ። ሁለቱ እግሮች 90 ዲግሪ ይሠራሉ፣ ከክብደትሽ ሁለት ሦስተኛው በኋላው እግር ላይ ነው፣ ሁለቱም ጉልበቶች ታጥፈዋል። እዚህ ላይ የሚበላሸው የኋላው ጉልበት ነው። ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ ጉልበትንም የሚጎዳው ይኸው ነው። ጉልበትሽ ከእግር ጣትሽ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ማየት አለበት። መስተዋት ፊት በጎን ቆመሽ ካየሽው ወዲያው ይታወቅሻል።

ቦም ሶጊ፣ ማለትም የነብር አቋቋም፣ በቴጉክ 8 ውስጥ አለ፤ ፈታኞችም በደንብ የሚያዩት አቋቋም ነው። ክብደትሽ ከሞላ ጎደል በሙሉ በኋላው እግር ላይ ነው፤ የፊቱ እግር በጣቶቹ መሠረት ብቻ መሬቱን ይነካል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አቋቋሙን ከያዝሽ በኋላ ሰውነትሽን ሳታንቀሳቅሺ የፊት እግርሽን አንሺ። መጀመሪያ ወደ ኋላ መደገፍ ካስፈለገሽ አቋቋሙ ትክክል አልነበረም ማለት ነው።

ልኬቶቹን በቃል ከመያዝ ይልቅ ወለሉ ላይ ጻፊያቸው። በማጣበቂያ ቴፕ የአንድ ጭብጥ ስፋት ያላቸው ሁለት ትይዩ መስመሮች ዘርጊና በእነሱ ላይ አፕ ኩቢ ስድስት እርምጃ ወደ ፊት፣ ስድስት ወደ ኋላ ሂጂ፤ እጆችሽ ወገብሽ ላይ ይሁኑ። አብዛኛው ሰው ወደ ፊት ሲሄድ እርምጃው ይስተካከላል፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ያጥራል። ፑምሴሽን ጨርሰሽ ከተነሳሽበት ቦታ ርቀሽ የምትቆሚውም በዚህ ምክንያት ነው። መነሻሽ ላይ ምልክት አድርጊ። ሁልጊዜ ከምልክቱ ፊት የምታርፊ ከሆነ የመልስ እርምጃሽ እያጠረ ነው፤ ወደ ጎን የምትሸሺ ከሆነ ደግሞ ስትዞሪ እግርሽን የምታሳርፊበት ቦታ ተዛብቷል።

ቴጉክ 8 ውስጥ ሦስት ቦታዎችን ለይተሽ ሥሪ። የመጀመሪያው ከኪሃፕ (ከምት ጋር የሚወጣ ጩኸት) ጋር የሚመጣው ሁለት ርግጫ ያለበት ዝላይ ነው፤ ዱባል ዳንግሶንግ አፕ ቻጊ ይባላል። ሁለቱም ርግጫዎች በአንድ ዝላይ አየር ላይ እያለሽ መጠናቀቅ አለባቸው፤ የመጀመሪያው በሆድ ከፍታ፣ ሁለተኛው በፊት ከፍታ። ወደ መጨረሻው የሚመጣው ሌላኛው ዝላይ ግን የተለየ ነው፤ እዚያ የመጀመሪያው ርግጫ ከመሬት ነው የሚነሳው፣ እግሩ ሳይወርድ ሌላኛው በዝላይ ይከተላል፣ ኪሃፑም እዚያ ላይ ነው። ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራት ከሩቅ የሚታይ ስህተት ነው። ዝላዩ ዝቅ የሚልብሽ ከሆነ ችግሩ ከርግጫው በፊት ያለው ጉልበት ነው፦ የመጀመሪያውን ጉልበት በፍጥነት ወደ ደረት ሳታነሺ እግርሽን ለመዘርጋት ትቸኩያለሽ። ለሁለት ሳምንት ርግጫውን ተዪና ጉልበት ብቻ እያነሳሽ ዝለዪ፤ በየልምምዱ አምስት አምስት ጊዜ ሦስት ዙር ይበቃል። ስታርፊ በጣቶችሽ መሠረት ጀምረሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ ውረጂ። በተረከዝ የሚያርፍ ሰው የሚቀጥለው መከላከያ ይዘገይበታል፣ ጉልበቱም ይታመማል።

ሁለተኛው ቦታ ኦሳንቱል ማኪ (አንዱ እጅ ከላይ፣ ሌላው ከታች የሚከላከልበት) እና ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ዝግ ያለ የአገጭ ምት፣ ዳንግዮ ቶክ ቺጊ ነው። ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ከፈጣኑ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ጉድለትን የሚደብቅ ፍጥነት የለም። እግርሽ ሲዞር፣ ዳሌሽ ሲዞርና ክብደትሽ ወደ አፕ ኩቢ ሲሸጋገር፣ አንዱ ጭብጥ ወደ ትከሻ እየተሳበ ሌላው ወደ አገጭ ሲወጣ፣ ሁሉም አብረው ጀምረው አብረው መጨረስ አለባቸው። በልምምድ የምናየው እግር ቀድሞ ደርሶ እጅ ብቻውን ሲጓዝ ነው። ትንፋሽሽን መለኪያ አድርጊው፦ በአፍንጫ ስበሽ ጀምሪ፣ እንቅስቃሴው ሲያልቅ ያስወጣሽው አየር ይለቅ። ትንፋሽሽን ይዘሽ ከሠራሽው ትከሻሽ ወደ ላይ ይነሳል፤ ይህም ወዲያው ይታያል።

ሦስተኛው የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ክርን፣ ከዚያ የጭብጥ ጀርባ ምት፣ ከዚያ ቡጢ። ሁሉም ሰው እዚህ ላይ ይሮጣል። ሦስቱ ምቶች ተከታታይ ቢሆኑም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መቆሚያ አላቸው። ክርኑ ሳይደርስ የጀርባው ምት ከተነሳ ፈታኙ የሚቆጥረው ሁለት ምት ብቻ ነው።

ስለ እጅ ጥቂት ልኬቶችን ያዢ። በአሬ ማኪ (የታች መከላከያ) ጭብጥሽ ከጭንሽ በላይ በሁለት ጭብጥ ርቀት ይቆማል፤ የሚነሳውም ከተቃራኒው ትከሻ ነው። በኦልጉል ማኪ (የፊት መከላከያ) የእጅ አንጓሽ በግንባርሽ መሐል ፊት ለፊት ይውላል፤ ከግንባርሽ ያለው ርቀት አንድ ጭብጥ ነው። በሶንናል (በተዘረጋ መዳፍ ጠርዝ) መከላከያ የፊት እጅሽ ጣቶች ጫፍ በትከሻ ከፍታ ነው፣ ሁለተኛው እጅ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ከደረት አጥንት በታች ይቆማል፤ ሰውነትሽ ላይ ግን አይለጠፍም። የሰውነት ቡጢ ከደረት አጥንት በታች ባለው ስስ ቦታ ላይ ያነጣጥራል፣ የፊት ቡጢ በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር መካከል። ወደ ወገብ የሚመለሰውን እጅ ችላ አትበዪ፤ የሚመታው እጅ ያለውን ያህል ፍጥነት እሱም ይፈልጋል። ዳሌን የሚያዞረው እሱ ነውና።

ልምምድሽን እንዲህ ክፈዪው እንላለን። አስራ ስድስት ሳምንት አለሽ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ቴጉክ 8ን በሙሉ ከመሥራት ይልቅ ክፍል ክፍሉን ሥሪ። ክለብ በሌለሽበት ቀን 40 ደቂቃ ይበቃሻል፦ አስር ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ አስር ደቂቃ በቴፑ ላይ አንድ አቋቋም ብቻ፣ አስራ አምስት ደቂቃ ከፑምሴው ሦስት ቁርጥራጭ፣ የቀረው ማሳሳቢያ። ጡንቻን ይዞ የሚያቆይ ማሳሳብ ከልምምድ በኋላ ይሁን፤ ከዝላይና ከፈጣን ርግጫ በፊት እግርን በማወዛወዝና ጉልበትን በማንሳት አሙቂ። ከሰባተኛው እስከ አስራ ሁለተኛው ሳምንት ሙሉውን ፑምሴ ሥሪ፤ ግን ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል አይደለም። አንዱን ዙር ያለ ኃይል በእግር ብቻ፣ ሌላውን ዝግ ብለሽ በእጅና በእግር፣ ሌላውን ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ዙር በሙሉ ኃይል። በቀን አስር ጊዜ በሙሉ ኃይል የሚደጋግም ሰው ከአምስተኛው ጀምሮ የሚለማመደው ድካሙን ነው፤ የደከመ ሰውነት የያዘው ስህተት ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ከአስራ ሦስተኛው እስከ አስራ አምስተኛው የፈተና ልምምድ አድርጊ፦ ዶቦክ (የቴኳንዶ ልብስ) ለብሰሽ፣ ሰው እያየሽ፣ ፑምሴው በዕጣ ወጥቶ፣ አንዴ ብቻ ሠርተሽ ጨርሺ። በመጨረሻው ሳምንት ቀንሺ።

ስልክሽን በሆድ ከፍታ፣ ሦስት ሜትር ያህል ርቀት ላይ አስቀምጪና አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን ቅረጪ። ስታዪው ድምፁን አጥፊና እግር ብቻ ተመልከቺ፤ በሁለተኛው ጊዜ እጅ ብቻ፤ በሦስተኛው ዓይንሽና ጭንቅላትሽ። ከመዞርሽ በፊት የማታዪ ከሆነ፣ መከላከያሽ ማንንም የሚከላከል አይመስልም። ከዚያ ቪዲዮውን ለአሰልጣኝሽ አሳዪና «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፣ የትኛውን ላስተካክል?» በዪ። «ገና ነሽ» የሚል ሰው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጣል።

ኮርዮን ከቪዲዮ መያዝሽን አንቃወምም፤ ሆኖም ክለብሽ ለ1ኛ ዳን ካልጠየቀሽ በቀር እስከ ፈተናው ድረስ ሙሉውን አትድገሚው፤ ያለ አራሚ የተያዘ ነገር ኋላ ማስለቀቁ ያስቸግራል። ከእሱ ውስጥ አሁን መጀመር ያለብሽ አንድ ነገር አለ፦ ድርብ የጎን ርግጫው። አንዱ በጉልበት ከፍታ፣ ሌላው ወዲያው ከፍ ብሎ፣ እግር መሬት ሳይነካ። በሁለቱ መካከል ጉልበት ሙሉ በሙሉ መታጠፍ አለበት፤ የተዘረጋውን እግር እንዲሁ ወደ ላይ ማንሳት ርግጫ አይደለም። የቆመው እግር ተረከዝ ወደ ዒላማው ይዙር፤ ካልዞረ ዳሌሽ ተዘግቶ እግርሽ ከወገብ በላይ እምቢ ይላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የዳሌ ጎን ጥንካሬ በወራት የሚመጣ ስለሆነ ነው አሁን ጀምሪ የምንልሽ፦ ግድግዳ ይዘሽ እግርሽን በጎን ርግጫ ቅርጽ ዘርግተሽ ለአስር ሰከንድ አቆዪ፣ በየጎኑ አምስት ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። በወገብ ከፍታ ጀምሪ፤ ከፍታው ቅርጹ ሳይበላሽ ብቻ ይጨምር። የቀረውን፣ መዳፎች ክብ ነገር የሚገፉ መስለው የሚነሱበትን መክፈቻ፣ ጉሮሮ ላይ የሚያነጣጥረውን ካልጄቢ የተባለ የእጅ ምት፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ኪሃፕ፣ ጥቁር ቀበቶ ካሰርሽ በኋላ በአሰልጣኝሽ ፊት ትማሪዋለሽ። ከ1ኛ ወደ 2ኛ ዳን ለመፈተን ቢያንስ አንድ ዓመት መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ጊዜ አለሽ። ከ2ኛ ወደ 3ኛ ሁለት ዓመት፣ ከ3ኛ ወደ 4ኛ ሦስት ዓመት እያለ ይቀጥላል።

ፑምሴ ብቻውን አያሳልፍሽም። መሠረታዊ እንቅስቃሴዎችና ፍልሚያ አሉ፤ በብዙ ክለቦችም ሰሌዳ መስበርና ራስን መከላከል ይጨመራሉ። ለፍልሚያው ትንፋሽ ነው የሚያስፈልገው፦ በዓለም አቀፍ ውድድር ዙሩ ሁለት ደቂቃ፣ ዕረፍቱ አንድ ደቂቃ ነውና በዚሁ ልክ ሦስት ዙር ከረጢት ወይም ፓድ እየመታሽ ተለማመጂ። በሰሌዳ ላይ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንዱ አያያዙ ነው፤ የያዡ እጆች የሚጫኑት ከእንጨቱ ጭረት ጋር ትይዩ የሆኑትን ጠርዞች መሆን አለበት፣ በሌላው በኩል ከተያዘ ጠንካራም ሰው አይሰብረውም። ሁለተኛው ፍርሃት ነው፤ ሰሌዳው ላይ ለማቆም የሚያስብ እግር ከመድረሱ በፊት ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዒላማሽን ከሰሌዳው በስተጀርባ አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ላይ አድርጊው።

የጓደኛሽን ነገር በተመለከተ፣ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። አንቺ ያለሽበት በወርልድ ቴኳንዶ (ዓለም አቀፍ ውድድሮችን የሚመራው ድርጅት) እና በኩኪዎን ሥር ያለው ሲሆን እሷ በ1966 በቾይ ሆንግ ሂ የተመሠረተው ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽን ሥርዓት ውስጥ ናት ማለት ነው። በእናንተ ፑምሴ ፈንታ ያላቸው ፓተርኖች 24 ናቸው። ለ1ኛ ዳን ሲፈተኑ 30 እንቅስቃሴ ያለውን ቹንግ ሙ ይሠራሉ፤ ጥቁር ቀበቶ ከያዙ በኋላ 39 እንቅስቃሴ ያለው ክዋንግ ጌ፣ 36 ያለው ፖ ኢዩን እና 44 ያለው ጌ ቤክ ይከተላሉ። አቋቋሞቻቸውም፣ ሰውነት ከፍና ዝቅ የሚልበት አካሄዳቸውም ከእናንተ ይለያል። ስለዚህ አብራችሁ ስትለማመዱ አትተራረሙ፤ ለእሷ ትክክል የሆነው ለአንቺ ነጥብ የሚያስቀንስ ሊሆን ይችላል። ማሳሳብን፣ ዝላይንና ትንፋሽን ግን አብራችሁ ሥሩ።

ወንድምሽን በተመለከተ የሰማሽው እውነት ነው። በኩኪዎን ሥርዓት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ዳን አይሰጠውም፤ ፑም የተባለ የልጆች ደረጃ ይሰጠዋል፣ ቀበቶውም ግማሹ ቀይ ግማሹ ጥቁር ነው። የሚፈተንበት ፑምሴ ከአንቺ ጋር አንድ ነው፤ 15 ዓመት ሲሞላው 1ኛ ፑሙን ወደ 1ኛ ዳን ማስለወጥ ይችላል። በ12 ዓመቱ አጥንቱ ገና እያደገ ስለሆነ ሰሌዳ በጭብጥ እንዲሰብር አትገፋፉት።

ከመመዝገብሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ፦ የምትፈተኚው ዳን በክለቡ ብቻ የሚታወቅ ነው ወይስ ሴኡል ካለው ኩኪዎን የሚመዘገብ? ሁለቱም ሊሰጡ ይችላሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። የኩኪዎን የምስክር ወረቀት የራሱ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩም በኩኪዎን ድረ ገጽ ሊጣራ ይችላል። ማመልከቻው የሚላከው በአሰልጣኝ በኩል ነው፤ ስለዚህ ለፈተናው የሚያቀርብሽ ማን እንደሆነና የእሱ ዳን ስንት እንደሆነ፣ ወረቀቱ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚደርስሽ፣ የምትከፍዪው ገንዘብ የፈተናውን ብቻ ወይስ የምዝገባውንም እንደሚጨምር ጠይቂ። ስምሽና የትውልድ ቀንሽ በመታወቂያሽ ላይ እንዳለው ሆኖ መጻፉንም በዓይንሽ እዪ፤ ለ2ኛ ዳን ስትቀርቢ የሚፈለገው ይኸው መዝገብ ነው።